ቴርሞስታት የቀቀልንበት ቅዳሜ

«ሰኞ ልንወጣ ነው! ዶክተሩ አሁን ነግሮኝ ሄደ» አለችኝ እናቴ በስልክ።

ሽንኩርት እየከተፍሁ ስለነበር ዓይኔ አስቀድሞ አቅርሯል፤ ከዚያ በኋላ የወረደው እንባ ግን የሽንኩርት አልነበረም። ቢላዋውን እዚያው ጣል አድርጌ፣ በዚያ የሐምሌ ጭቃ፣ በነጠላ ጫማ ወደ መናኸሪያ በረርሁ። አባቴ ሚኒባሱን አሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ገና ከሩቅ «አባዬ ሊወጡ ነው! ሊወጡ ነው!» እያልሁ ስጮህ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ ዞረ። አንዱማ «ማን ነበር ደግሞ የታሰረው?» አለ።

የታሰረ የለም። እህቴ ናት። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ቀኗ ሳይደርስ፣ ጎንደር ሆስፒታል ተወለደች። ያን ዕለት የተላከልኝን ፎቶ ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ኮፍያውን ነው፤ ኮፍያው ውስጥ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እናቴ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛት እዚያው ከረመች። እኔና አባቴ ደባርቅ ቀርተን ሽሮ በተራ እንሠራለን፤ የእሱ ውሃ ይሆናል፣ የእኔ ያርራል። ዕድሜዬን ሙሉ እህት ወይም ወንድም ውለዱልኝ ስል ኖሬ፣ አሁን በስልክ ብቻ የማውቃት እህት አለችኝ። ለዚህ ነው እንደዚያ የበረርሁት።

ደስታው ግን እንዲሁ በባዶ አልመጣም። እናቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ነግራኝ ነበር፤ ቃል በቃል ለአባቴ እንዳደርስም አስምላኛለች።

«ነርሷ ምን አለች መሰለሽ፤ ይቺ ልጅ እንደ እናንተ ስብ የላትም። ብርድ ከነካት የጠባችው ወተት ሁሉ ገላዋን ለማሞቅ ያልቃል። በስንት መከራ ያመጣችውን ኪሎ መልሳ ታጣዋለች፤ ከባሰም ትንፋሿ ይደክማል። ሰው የታጨቀበት መኪና ውስጥም እንዳታስገቧት፤ አንድ የሚያስል ሰው ይበቃታል አለች። ስለዚህ አባትሽ ባዶ መኪና ይዞ ይምጣ። አሙቆም ይምጣ።»

ባዶ መኪና ቀላል ነው። ሙቅ መኪና የሚለው ላይ ነው ችግሩ።

ከጎንደር ደባርቅ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ግን ልንገረው፤ ከጎንደር እንደወጣችሁ አቀበቱን ይዛችሁ ኮሶዬ ስትደርሱ ክረምት ከሆነ ጉሙ መኪናው ውስጥ ሊገባ ምንም አይቀረው። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ድረስ ዓይን እስኪደክመው ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። በሐምሌ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ እኛ ትልልቆቹ እንኳ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል።

አባቴ አቅፎ ሳመኝ። ከዚያ የነርሷን ቃል ነገርሁት። የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣና ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን፣ ሂተሩን፣ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ማራገቢያው ፉፉፉ ይላል፣ ይጮሃል፣ ይሠራል። እጄን አስጠጋሁ። የሚወጣው አየር ከውጭው አየር የሚለየው በአቧራ ሽታው ብቻ ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አልሁት።

«እኔ እንጃ» አለ ጭንቅላቱን እያከከ። «ከፍቻትም አላውቅ።»

እንዴት ሹፌር በዚህ ብርድ አገር እየነዳ ሂተር ከፍቶ አያውቅም ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ ቀላል ነው፦ መኪናችን ባዶ ሆና አታውቅም። ከዳባት የሚመጣ ገበያተኛ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ሌላውም በጉልበቱ ላይ ዘንቢል፣ ዘንቢሉ ላይ ሕፃን አስቀምጦ ተጠጋግቶ ይገባል። መስኮት የሚከፍት ቢገኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ነፋስ ልታስመታን ነው?» ይለዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት የመኪናችን ሙቀት የሰው ሙቀት ነበር።

ያ ስለ ታሰረ ሰው የጠየቀው ሹፌር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ሰምቶናል። «ምን አስጨነቀህ? ደርበህ ጫናቸው! ሰው አይደል ሂተሩ!» አለና ሳቀ።

አባቴ ግን ከልቡ ማሰብ ጀመረ። «ዘመድ ብቻ ብንጭንስ? አጎትሽን፣ ልጆቹን…»

«አጎቴ ክረምት ከገባ እስኪወጣ አይደል የሚስለው!»

«እሱስ እውነት ነው። ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተን ዙሪያዋን ብንደረድርስ?»

«ኮሶዬ ሳንደርስ አይቀዘቅዝም?»

«ይቀዘቅዛል» አለ። እና ሁለታችንም ያቺን የምትጮህ፣ የማታሞቅ ቀዳዳ አየናት።

ከዚህ በፊት ድርሰት ጻፉ ስንባል እኔም እንደ ክፍሌ ልጆች ስለ ሰሜን ተራራና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው ነበር የምጽፈው። አንድ አስተማሪያችን «ተራራውን ሁሉም ያየዋል፤ አንቺ ብቻ ያየሽውን ጻፊ» ካሉኝ ወዲህ ግን ማንንም አልፈራም። ስለዚህ ስለ ሂተር ነው የምጽፈው፤ የማይወድ ተራራውን ወጥቶ ይይ።

ቅዳሜ በጠዋት መካኒኩ ዘንድ ሄድን። ጋራዡ ከገበያው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። መካኒኩ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ከአባቴ በዕድሜ ትንሽ ይበልጣሉ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ጉዳያችንን ሳንጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«አስቀድሜ ልንገራችሁ። ነገ እሑድ ነው፤ እጄ ብረት አይነካም። ዛሬ ካለቀ አለቀ።»

«ዛሬ ያልቃል» አለ አባቴ።

«እሱን መኪናዋን ጠይቃት።»

በእኛ ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው። ወንበሩ ሲነሳ ሞተሩ ይታያል፤ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ ስር ያ ሁሉ ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው ያየሁት። መካኒኩ ሞተሩን ለተወሰነ ጊዜ አስነስተው ሁለት ጥቋቁር የጎማ ቱቦዎች አሳዩኝ፤ ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄዱ ናቸው።

«የእኔ እጅ ድንጋይ ሆኗል፤ ፍም ብትሰጪኝም አይሰማኝም። አንቺ ንኪና ንገሪኝ።»

ነካሁ። «ይሄ ለብ ብሏል። ይሄ ግን ብርድ ነው።»

«በይ እንግዲህ፤ በአንዱ የሞተሩ ሙቅ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። መሐል ላይ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ ትንሽዬ ራዲያተር አለች፤ ማራገቢያው አየሩን በሷ ላይ ነው የሚያሳልፈው። የሚገባው ሞቆ የሚወጣው ከቀዘቀዘ ምን ማለት ነው?»

«ውሃው አያልፍም።»

«ተደፍኗል!» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «ስንት ወንዝ ነው ያጠጣሃት አንተ?»

«ያገኘሁትን ነዋ! ሊማሊሞ አቀበት ላይ ውሃ ስትጨርስብኝ የታሸገ ልግዛላት?»

ቱቦዎቹን የያዙትን ቀለበቶች ፈትተው በአንደኛው በኩል ውሃ በግፊት ለቀቁበት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ተንጠባጠበ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ቡናማ ጭቃ የአባቴን ሱሪ አለበሰው።

«ይሄ የዛሪማ ወንዝ ነው» አሉ መካኒኩ ጭቃውን በጣታቸው እያሹ። «ይሄ ቀላ ያለው ደግሞ የሊማሊሞ። መሬት ተሸክመህ ነው የምትዞረው፤ ግብር ክፈልበት!»

ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አጠብነው። ቱቦዎቹ ተመልሰው ታሰሩ። አባቴ ሱሪውን በቆርቆሮ ቁራጭ እየፋቀ «አለቀ!» አለ። ልንሞክራት ወደ ዳባት መንገድ ይዘን ወጣን።

አየሩ በእርግጥ ተሻሽሏል። ከከተማው ስንወጣ እጄን ዘረጋሁና «ለብ ብሏል አባዬ!» አልሁ። ትንሽ አቀበት ስንይዝማ ሞቅ ሊል ዳዳው። ሜዳው ላይ ስንወጣ ግን መልሶ ቀዘቀዘ። ደግሞ አቀበት፣ ደግሞ ሞቅ። ደግሞ ሜዳ፣ ደግሞ ብርድ። ጣቴን ከቀዳዳዋ ሳላነሳ ዳባት ደረስን፤ ስንደርስ ጣቴ ቀዝቅዞ ነበር። አባቴ መኪናዋን ዳር አቆመና ወንበሩን አንስተን ቱቦዎቹን ነካሁ። አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ግን ሁለቱም ለብ ያሉ ብቻ ናቸው።

ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ። እኔ የማየው አጥቼ ዳሽቦርዱን አያለሁ። አንዲት መርፌ አለች፤ አቀበት ላይ ትንሽ ቀና ትላለች፣ ሜዳ ላይ ተመልሳ ከታች ትተኛለች። ልክ እንደ አየሩ።

«አባዬ፣ ይቺ መርፌ የሞተሩን ሙቀት አይደል የምታሳየው?»

«ነች።»

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትተኛው?»

«ጤነኛ ስለሆነች ነዋ! ሞተር ቀዝቀዝ ሲል ነው ጥሩ። ደባርቅ ውስጥ እንደኔ ቀዝቃዛ ሞተር ያለው ሹፌር የለም።» ይህን ሲል ደግሞ ኩራቱ።

«ሞተሩ ራሱ ካልሞቀ እኛን በምን ያሞቀናል ታዲያ?»

ትንሽ ነዳ። ከዚያ ፍሬን ያዘና በመሐል ሜዳ ቆመ።

«ወይኔ ልጄ!» አለ። «ወይኔ! አውጥተናታል እኮ!»

«ማንን?»

«ቴርሞስታቷን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ድሮ፣ እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ፣ የሚሠራው በአዲ አርቃይ መስመር ነበር። አዲ አርቃይ ቆላ ነው። ከዚያ ሙሉ ሰው ጭኖ ሊማሊሞን ሽቅብ ሲወጣ መኪናዋ ትፈላበታለች። ያን መስመር የሚሠራ ሹፌር ሁሉ መፍትሔው አንድ ነው፤ ቴርሞስታቷን አስወጥቶ መጣል። ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ በር ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ትዘጋለች፤ ውሃው ራዲያተር ሄዶ ሳይቀዘቅዝ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይመላለስና ይሞቃል። ሲሞቅ ትከፈትለታለች። በሯ ከሌለች ውሃው ሳይሞቅ ሄዶ ይቀዘቅዛል፤ በር ከፍቶ እሳት እንደማንደድ ነው። ለቆላው ይሁን። አባቴ ግን ከዚያ መስመሩን ወደ ጎንደር ለወጠ፤ በሯ መውጣቷን ረሳ፤ መርፌዋ በተኛች ቁጥር መኪናዬ ጤነኛ ናት እያለ ሲመካ ኖረ። ጋቢ ለብሶ እየነዳ!

ጋራዡ ስንደርስ አባቴ ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ። «ቴርሞስታት የላትም!»

«አላልሁም?» አሉ መካኒኩ፤ ያላሉትን። «የትኛው ደንቆሮ ነው ያወጣው?»

«አንተ ነህ!»

«እኔ?»

«አንተ! እዚሁ! ደባርቅ ላይ እንደ እኔ የሚያወጣ የለም እያልህ!»

መካኒኩ አፋቸው ውስጥ ያለችውን የክብሪት እንጨት ከዚያ ወደዚህ አዘዋወሯት። ከዚያ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከትልቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ዳሱን ያናውጠዋል። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ሲያናውጡት ይንቃጨላል። ከፈቱት። በአዲ አርቃይ መስመር የሠራ ሰው ሁሉ ቴርሞስታት እዚያ ውስጥ ነው፤ የመዳብ ቀለም ያላቸው፣ የዛጉ፣ ትልልቅ፣ ትንንሽ፣ ቆርቆሮው እስከ አፉ።

«ለምን አላስወገዷቸውም ጋሼ?» አልኋቸው።

«አንድ ቀን አንዱ ብርድ ይሰማዋል ብዬ» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ። «እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ግን እጄ መጣል አይሆንለትም።»

አሁን ጥያቄው የትኛዋ ትሠራለች የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ እሳትና ድስት ያስፈልጋል። ከጋራዡ ፊት ለፊት ድንች እየቀቀሉ የሚሸጡ እናት አሉ፤ ከሰላቸው ሁልጊዜ እንደቀላ ነው። አባቴ ቴርሞስታቶቹን በእጁ ሞልቶ ሄደ።

«እትዬ፣ ድስትዎን ትንሽ ያውሱን።»

«ይሄን ብረት ድንቼ ውስጥ ልትከቱት? ጤና የላችሁም?»

«ድንቹን እናወጣዋለን እንጂ።»

«እናንተን ላውጣችሁ!» አሉ። ስለ እህቴ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አራስ ናት የምትመጣው? እንዲህ አትሉኝም ታዲያ!» ድንቹን ሳፋ ላይ ገልብጠው አሮጌ ድስት ፈልገው ውሃ ጣዱልን፤ ከሰሉንም ራሳቸው አራገቡት።

መካኒኩ ከቴርሞስታቷ ዝግ አፍ መሐል ክር አስገብተው አስነከሷት። ከዚያ በክሩ አንጠልጥለው ውሃው ውስጥ ሰደዷት። ውሃው ሲሞቅ አፏን ከከፈተች ክሩ ይለቃትና ድስቱ ውስጥ ትወድቃለች፤ ደህና ነች ማለት ነው። አፏን ካልከፈተች ሞታለች። ሦስታችን ድስቱ ዙሪያ ቁጢጥ ብለን ክር ክር ይዘን ተቀመጥን። ገበያተኛው ማየት ጀመረ።

«ምን እየቀቀላችሁ ነው?»

«የመኪና ኩላሊት!» አሉ መካኒኩ።

«ጨው አነሰው!»

የመጀመሪያዋ ውሃው ተፍለቅልቆም አልከፈተች። «አንቀላፍታለች» አሉና ጣሏት። ሌላዋ አስቀድማ ተከፍታ የዛገች ነበረች። አንዷ በደንብ ወደቀች፤ ልኳን ሲያዩ ግን የጭነት መኪና ሆነች። የእኔ ክር አሁንም እንደተወጠረ ነው። እጄ በእንፋሎቱ ቀላ። ድንች ሻጯ «ይህን ያህል ጊዜ ድንች ቢሆን ገንፎ ይሆን ነበር» እያሉ ከሰል ይጨምሩልናል። እኔ ስንተኛዋን እንደያዝሁ ጠፍቶብኛል፤ ብቻ አንዷ ላይ ክሬ በድንገት ቀለለኝ። ጧ! ድስቱ ስር።

«ወደቀች!» ብዬ ስጮህ ገበያተኛው አጨበጨበ። ስለ ምን እንደሚያጨበጭብ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም።

አውጥተን ለካናት። ልክ ነች። «የኛዋ ራሷ ትሆን እንዴ?» አለ አባቴ እያገላበጠ።

«በምን ታውቃለህ፤ ስም አልጻፍንባት።»

እዚህ ላይ አባቴ ቴርሞስታቷን ጨብጦ ፊቱ ከበደ። «ቆይ ግን። ይቺን አስገብተን ኮሶዬ አቀበት ላይ እንደ ድሮው ብትፈላብኝስ? አራስና ሕፃን ይዤ ጉም ውስጥ ልቁም?»

መካኒኩ መሬት ላይ የደረቀውን ጭቃ በጫማቸው ነካ አደረጉት። «እኔ እንደሚመስለኝ ያኔ ያፈላት በሯ አይደለችም። ይሄ ነው። ራዲያተሩንም እንዲሁ አጥበን እንሰጥሃለን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛስ አይደለሁም።»

አባቴ ዝናቡን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «መኪናዋ ብትፈላ ቆሜ አቀዘቅዛታለሁ። ልጅቷ ብትቀዘቅዝ ግን የማደርገው የለኝም» አለ። «አስገባት።»

አስገቧት። ከወፍራም ወረቀት ውሃ እንዳያፈስ መሐል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ቀደው፣ ቅባት ቀብተው አጠበቁት። ራዲያተሩም ታጠበ፤ ሌላ ሊማሊሞ ከሱም ወጣ። አመሻሹ ላይ እስከ ከተማው ዳር ነድተን ተመለስን። መርፌዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተኛችበት ተነሳች፤ አየሩ ሙቅ፣ እውነተኛ ሙቅ ሆነ፤ የአባቴ የጨቀየ ሱሪ እንኳ እግሩ ላይ ደረቀ። ቅርባችን ያለውን የሊማሊሞን አቀበት ግን አልሞከርነውም። ጉሙ ውጦት ስለነበር መካኒኩ «በዚህ አትሄድም» ብለው ከለከሉን። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለእህቴ ብቻ ሳይሆን ለአንዲት የመዳብ በርም ጸለይሁ። ኃጢአት ከሆነ ንስሐ አባቴ ይነግሩኛል።

ሰኞ ጎንደር ደርሰን እህቴን ሳያት መጀመሪያ ያልሁት «ይሄን ታክላለች?» ነው። እናቴ ከስታለች፣ ግን ዓይኗ ይስቃል። ልጅቷ ከቀሚሷ ውስጥ ደረቷ ላይ ተለጥፋለች፤ የምትታየው ኮፍያዋና የአንድ እጇ ጣቶች ብቻ ናቸው። አባቴ መኪናዋን ከበሩ አስጠግቶ ሞተሩን ሳያጠፋ አሙቆ ጠበቀን። ከኋላችን ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጧል፤ ለምን እንደሆነ ለእናቴ አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኋትም።

አቀበቱ ጀመረ። ጉሙም ጀመረ። እህቴን ለማየት እንዲያ ስንገበገብ ከርሜ፣ ከኋላዬ እናቴ ደረት ላይ ሆና እሷን አላያትም፤ የማየው መርፌዋን ነው። አባቴም እንደዚያው። መርፌዋ ተነሳች። ወጣች። ወጣች። ሩብ አለፈች። አባቴ ማርሽ ቀነሰ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በረዶው ጣሪያችንን እንደ ጠጠር ይደበድበው ጀመር። መርፌዋ ግማሽ ደረሰች።

«ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁ?» አለች እናቴ።

«ምንም» አልን በአንድ ላይ።

መርፌዋ ግማሽ ላይ ቆመች። አቀበቱ ቀጠለ፤ እሷ ግን እዚያው ቆመች። ኮሶዬን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ትወርዳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወረደችም። ከዚያች ቀዳዳ የሚወጣው አየር ጉልበቴን እንደ ምድጃ ዳር አሞቀው። እናቴ ነርሷ እንዳስተማረቻት እጇን ሰድዳ የልጅቷን እግር ዳሰሰች፣ ሆዷንም ዳሰሰች።

«ሞቃለች» አለች። «እንዲያውም ላቧ እንዳይመጣ ዝቅ አድርጉት።»

ዝቅ አድርጉት! አባቴ ይህን ሲሰማ መሪውን በመዳፉ መታው። ጋቢውን አወለቀ። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አወለቀ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግንባሩ አብረቀረቀ፤ እጁን ወደ መስኮቱ ሲሰድድ እናቴ ከኋላ «ትከፍታትና!» አለችው። በላብ እንደተጠመቀ ነዳ። ዳባት ላይ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ባዶ መኪና አይተው እጃቸውን እያወዛወዙ ሮጡ። ስናልፋቸው አንዱ «ባዶውን እየሄደ አይጭንም! ኩራቱ!» ብሎ ሲሳደብ ሰማነው። አባቴ ሳቀ። ልጅቷ እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ እኔም ያኔ ነው ዞሬ በደንብ ያየኋት። ቅንድብ የላትም። አፏን እንደ ዓሣ ታደርጋለች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ስትመዘን ኪሎዋ እንኳን ሊቀንስ ጨምሯል። መዛኟ ሚዛኑን ደግመው ነው ያዩት። አባቴ መናኸሪያ ሄዶ ለሹፌሮቹ ሁሉ አወራ፤ ያ «ሰው አይደል ሂተሩ» ያለው ሹፌር መኪናችን ውስጥ ገብቶ እጁን ቀዳዳዋ ላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆየና ወርዶ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ሲሄድ አየሁት።

አሁን ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ የሽንት ጨርቋን ታስቆጥረናለች። ስሟን ገና አልተስማማንም፤ አባቴ አንድ ይላል፣ እናቴ አንድ ትላለች፣ የእኔን ማንም አልጠየቀኝም። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ቀናት መሆኑ ነው። እናቴ ጎረቤቱን ጠርታለች፣ አባቴ መናኸሪያውን በሙሉ ጠርቷል፤ ድንች ሻጯም አሉበት። ማታ ይህን ስጽፍ አይቶኝ «የሚያነበው ሰው አለ?» አለኝ አባቴ። አለ አልሁት። «እንግዲያ እነሱንም ጥሪያቸው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ይቺን ልጅ ብዙ ሰው ይያት» አለኝ።

ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ። ደባርቅ ኑ። ከመናኸሪያ ወርዳችሁ ያቺ በሐምሌ የመጣችው ልጅ ክርስትና የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም ያሳያችኋል። ከመሳማችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ፤ እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም።